ከመሰካት በፊት መለካት፦ አርባ ዓመት የተሻገረ የቤት ኮምፒውተር እንዴት ይታደሳል?

ከአርባ ዓመት በፊት የተገዛ ኮምፒውተር ከምድር ቤት ወይም ከጣሪያ ሥር ሲወጣ፣ የሚያገኘው ሰው እጁ የሚቀድመው ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ይጓጓል፤ አቧራውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ይሆናል። ሰውየውም “ለካ ሞቷል” ብሎ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ግን ማሽኑ የሞተው ተኝቶ በከረመባቸው ዓመታት አይደለም። የሞተው በተሰካባት በዚያች ቅጽበት ነው።

ይህ አደጋ በተለይ ኮሞዶር 64 በተባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ ይበረታል። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በጥር 1982 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ለገበያ ቀረበ። የመነሻ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ስሙን ያገኘው ከማስታወሻው መጠን ሲሆን፣ ይኸውም 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ያም ሆኖ ማሽኑ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በተለይም በጀርመንና በብሪታንያ፣ የሚሊዮኖች የመጀመሪያ ኮምፒውተር ሆነ። በብዛት የሚጠቀሱት የሽያጭ ግምቶች ከ12 ሚሊዮን ተኩል እስከ 17 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ሲከስር ምርቱም አብሮ ቆመ።

የኩባንያው አመጣጥ ራሱ ከጥገና ጋር የተሳሰረ ነው። መሥራቹ ጃክ ትራሚል እ.ኤ.አ. በ1928 በፖላንድ ሎድዝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ከአውሽቪትዝ ካምፕ ተርፈው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ የጽሕፈት መኪና መጠገን ተማሩ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። ኮሞዶር ከዚያ ሱቅ ተነሥቶ ወደ ጽሕፈት መኪና ንግድ፣ ወደ ሒሳብ ማሽን፣ በኋላም ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገረ ኩባንያ ነው። ጠጋኝ የመሠረተው ይህ ኩባንያ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሸጠው አንድ ዕቃ ግን ጨርሶ እንዳይጠገን ሆኖ የተሠራ ነበር። ማሽኑን የሚገድለውም ያው ዕቃ ነው።

ገዳዩ ሣጥን

ዕቃው አዳፕተሩ ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ሁለት ዓይነት ኃይል ይሰጣል፦ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ። በብዙዎቹ አዳፕተሮች ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ድንጋይ በሚጠጥር ሙጫ ተሞልቷል። ስለዚህ ሣጥኑ ከባድ ነው፤ ሙቀቱን በቀላሉ አያስወጣም፤ ከፍቶ ለመጠገንም አይቻልም። በዚያ ሙጫ ውስጥ የተቀበረችው ሬጉሌተር የምትባል ትንሽ ክፍል ሥራዋ ቮልቴጁን 5 ላይ ማቆም ነው። አብዛኛው ዕቃ ሲያረጅ ጉልበቱ ይደክማል። ይህች ክፍል ስትበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ መቆጣጠሯን ትተውና ቮልቴጁ ከ5 በላይ ሽቅብ ይወጣል።

ከፍ ያለው ቮልቴጅ በቀጥታ የሚደርሰው ለማስታወሻ ቺፖቹ፣ ለፕሮሰሰሩና ቋሚ ፕሮግራም ለያዙት ቺፖች ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ፊውዝ መኖሩ ብዙዎችን ያዘናጋል። ፊውዙ የተገጠመው ግን በ9 ቮልቱ መስመር ላይ እንጂ በ5 ቮልቱ ላይ አይደለም። በአደገኛው መስመር ላይ ዘብ የቆመ ነገር የለም። የማስታወሻ ቺፖቹ ከሁሉ ቀድመው ይቃጠላሉ፤ ጭስም ሆነ ድምፅ ላይኖር ይችላል።

በመሆኑም እድሳት የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ውጭ ነው። አዳፕተሩ ከኮምፒውተሩ ተነጥሎ ግድግዳው ላይ ብቻ ይሰካል፤ ከዚያም ሰባት እግር ባለው መሰኪያ ላይ 5 ቮልት የሚሰጡት እግሮች በቴስተር ይለካሉ። ንባቡ ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ከሆነ ያ አዳፕተር ለዘለዓለሙ ይሰናበታል። ንባቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ ልብን ጥሎ መተኛት አይገባም፤ ሥራ ሳይጫንበት ደኅና የሚመስል አዳፕተር ሲሞቅ ወይም ጭነት ሲያገኝ ሊዛባ ይችላልና። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው አዳሾች አሮጌውን ሣጥን ለመታሰቢያ አስቀምጠው፣ ለዚህ ማሽን ተብሎ በቅርቡ የተሠራ አዳፕተር ይጠቀማሉ። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ኃይሉን በቅጽበት የሚቆርጥ ጥቃቅን መከላከያም ይሸጣል። ዋጋው ከአንድ የተቃጠለ ቺፕ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ማሽኑ አገር አቋርጦ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ለምሳሌ ከአሜሪካ በሻንጣ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ኮሞዶር 64 አዳፕተሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቴጁ ቢቀነስለት እንኳ የአሜሪካው ማሽን የሚያወጣው ምስል ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ በተባለው ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያና አብዛኛው አውሮፓ ይከተሉት ለነበረው ፓል ለተባለው ሥርዓት ብቻ የተሠራ የድሮ ቴሌቪዥን ምስሉን ያለ ቀለም ሊያሳይ ወይም ሊያንከባልል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ መፍታት ትርፉ ድካም ነው።

ጥቁሩ ስክሪን ምን ይናገራል?

ኃይሉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚፈለገው ካቻቢቴ ነው። የመጀመሪያው ኮሞዶር 64 ከቅርጹ የተነሣ “የዳቦ ሣጥን” የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ከሥሩ ያሉት ሦስት ብሎኖች ሲፈቱ የላይኛው ክዳን ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር ይነሣል። ክዳኑን ከታችኛው ክፍል ጋር የሚያያይዙ ገመዶች ስላሉ በኃይል መጎተት አይገባም። ማንኛውም ነገር ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ገመድ የት እንደነበር አስታውሳለሁ ብሎ በራሱ የሚተማመን ሰው የሚጸጸተው እዚህ ላይ ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። ቺፖቹን ከመንካት በፊትም በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ነክቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። በማሽኑ ጎን ባሉት የጨዋታ መቆጣጠሪያ ቀዳዳዎች ላይ የጣት አንድ ብልጭታ ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር የሚነጋገረውን ቺፕ ሊገድል ይችላል።

ጥቁር ስክሪን ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም፤ ብዙ በሽታዎች የሚጋሩት ምልክት ነው። ቀይዋ መብራት መብራቷም የሚያረጋግጠው 5 ቮልቱ መድረሱን ብቻ ነው። በ9 ቮልቱ መስመር ላይ ያለው ፊውዝ ከተቃጠለ፣ ምስል የሚሠራው ቺፕ ኃይል ሳያገኝ መብራቷ እንደበራች ትቀራለች። ስለዚህ በቅድሚያ የሚመረመረው ርካሹ ፊውዝ ነው። ከእድሳት ሥራ ክፉ ልማዶች አንዱ ውድ የሆነውን ክፍል ጠርጥሮ ርካሹን መርሳት ነው።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንደኛው ፒ.ኤል.ኤ ወደተባለው ቺፕ ነው። የኮሞዶር 64 ፕሮሰሰር በስም ሊጠራቸው የሚችላቸው የማስታወሻ አድራሻዎች 65,536 ብቻ ናቸው። ማሽኑ ደግሞ 64 ኪሎባይት ተለዋዋጭ ማስታወሻ፣ 20 ኪሎባይት ቋሚ ፕሮግራም፣ በዚያ ላይ የምስልና የድምፅ ቺፖችን ይዟል። ሁሉም በዚያች ጠባብ አገር መኖር ስላለባቸው አንዳንዱ አድራሻ ከአንድ በላይ ባለቤት አለው። ፕሮሰሰሩ አንድ አድራሻ ሲጠራ ማን እንደሚመልስ የሚወስነው ፒ.ኤል.ኤ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ተራ እንደሚያስይዝ ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛው ሲታመም ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ ወይም ማንም አይመልስም። ይህ ቺፕ በሥራ ላይ በጣም የሚሞቅ በመሆኑ ለብልሽት ከተጋለጡት ቀዳሚው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቋሚ ፕሮግራሞቹን የያዘው ክፍል ነው። ሦስተኛውና በአዳፕተሩ ጥፋት በብዛት የሚጎዳው ደግሞ ተለዋዋጩ ማስታወሻ ነው።

ማሽኑ ስለ ማስታወሻው ራሱ ይናገራል። ጤነኛ ኮሞዶር 64 ሲበራ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ለቤዚክ ፕሮግራም የቀረው ነፃ ቦታ 38,911 ባይት መሆኑን ያሳውቃል። ይህ ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ አይደለም፤ ማሽኑ በተበራ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሠራው ሒሳብ ነው። ከተወሰነ አድራሻ ይነሣና በእያንዳንዱ ክፍል ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ መልሶ ያነበዋል፤ ያው ከሆነ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የጻፈውን መልሶ ያላገኘበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማስታወሻው እዚያ አበቃ ብሎ ይደመድማል። በጤናው ማሽን የሚቆመው አድራሻ 40,960 ላይ ነው፤ እዚያ የተቀመጠው የቤዚክ ቋሚ ፕሮግራም ስለሆነ የተጻፈበትን አይመልስም። የቤዚክ ቦታ ከ2,049 ስለሚጀምር ሁለቱ ሲቀናነሱ 38,911 ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ከታየ ማሽኑ ራሱ የሕመሙን ቦታ በጣቱ እየጠቆመ ነው።

ማስታወሻው ክፉኛ ሲጎዳ ግን ማሽኑ ያንን ሒሳብ እስከ መጨረሻው ማድረስ አይችልም፤ ጥቁር ስክሪን የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ሁኔታ ኩባንያው ለጥገና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመርመሪያ ካርትሪጅ ነበር፤ ዛሬ ቅጂው በቀላሉ ይገኛል። ካርትሪጁ የማሽኑን ቋሚ ፕሮግራም ወደ ጎን ትቶ በራሱ ፕሮግራም ማስታወሻውን ይፈትናል፤ ብልሽት ሲያገኝም ስክሪኑን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። የብልጭታው ቁጥር ከስምንቱ የማስታወሻ ቺፖች የትኛው እንደታመመ ያመለክታል።

ስምንት የሆኑበት ምክንያት መታወቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ላይ እያንዳንዱ ቺፕ ከእያንዳንዱ ባይት አንዲት ቢት ብቻ ይይዛል። ስምንት ፊደል ያለውን ቃል ስምንት ሰዎች አንዳንድ ፊደል ይዘው ተሰልፈው እንደሚያሳዩት ነው። አንዱ ከሰልፉ ቢጎድል የሚጠፋው ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አይደለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ አንድ አንድ ፊደል ያጣል። ከስምንቱ አንድ ቺፕ ብቻ ቢሞት እንኳ ማሽኑ በሙሉ ዲዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ካርትሪጁ ከሌለ የቆየ ዘዴ አለ። ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል በርቶ ይጠፋና ቺፖቹ በጣት ጫፍ ይዳሰሳሉ። ከስምንቱ አንዱ ከወንድሞቹ ተለይቶ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ በውስጡ ሾርት ተፈጥሯል ማለት ነው። የምስል፣ የድምፅና የፒ.ኤል.ኤ ቺፖች በጤናቸውም የሚሞቁ ስለሆኑ ይህ ምርመራ እነሱን አይመለከትም።

መቁረጥ ወይስ መንቀል?

የታመመው ቺፕ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ ብዙ ማሽኖችን ለሁለተኛ ጊዜ ይገድላል። እያንዳንዱ የማስታወሻ ቺፕ በ16 እግሮች ከሰሌዳው ጋር ተበይዷል። እግሮቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ውስጣቸው በስስ መዳብ የተለበጠ ሲሆን፣ የሰሌዳውን የላይኛውና የታችኛው ፊት የሚያገናኘው ያ ልባጭ ነው። የብየዳው ካውያ ከልክ በላይ ከጋለ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከቆየ፣ ወይም ብየዳው ሳይቀልጥ ቺፑ ከተጎተተ፣ ልባጩ ከእግሩ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ ቺፕ የነበረው ብልሽት የሰሌዳ ብልሽት ይሆናል።

ስለዚህ መሞቱ የተረጋገጠ ቺፕ በሙሉነቱ እንዲወጣ መድከም አያስፈልግም። እግሮቹ በመቁረጫ ፒንሳ ከአካሉ ሥር ይቆረጣሉ፤ አካሉ ይነሣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እግር ለብቻው በካውያ ሞቆ በቀስታ ይወጣል፤ ቀዳዳውም በመምጠጫ ይጸዳል። የሞተውን መሥዋዕት አድርጎ ሰሌዳውን ማዳን ማለት ነው። በቦታው ቺፑ በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ ሶኬት ይበየዳል፤ ወደፊት ያው ቺፕ ቢበላሽ ካውያ ሳይነሣ ይቀየራል። አሮጌው ብየዳ እርሳስ ያለበት ስለሆነ ክፍሉ አየር የሚገባበት ሊሆን ይገባል፤ ከሥራ በኋላም እጅ ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም።

ከዚህ ቀደም የብየዳ ካውያ ያልያዘ ሰው ትምህርቱን በዚህ ሰሌዳ ላይ ባይጀምር ይመረጣል። በየከተማው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤቶች ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ አላቸው። ኮሞዶር 64ን አይተውት ባያውቁም የ1980ዎቹን ሰሌዳ ሲያዩ ዘመዳቸውን እንዳገኙ ይሆናሉ፤ ክፍሎቹ በዓይን የሚታዩ፣ በጣት የሚያዙ ናቸውና። ከዚህም በላይ ኩባንያው ለተጠቃሚዎች በሸጠው የፕሮግራም መመሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የማሽኑ ሙሉ የሰርኪት ንድፍ ታትሞ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከሣጥኑ ውስጥ አያገኝም።

ካፓሲተሮችን በተመለከተ አንድ የተለመደ ምክር አለ፤ “አሮጌ ማሽን ስትከፍት ሁሉንም ቀይር” ይባላል። በኮሞዶር 64 ላይ ይህ ምክር ብዙም አያስኬድም። የዚህ ማሽን ካፓሲተሮች በአብዛኛው ዛሬም ደኅና ናቸው፤ ጤነኛውን ሁሉ መንቀል ሰሌዳውን ያለ ምክንያት ለካውያ ማጋለጥ ነው። ምክሩ ነፍስ የሚያድነው በሌሎች ማሽኖች ላይ ነው። ያው ኩባንያ በኋላ ባመረታቸው አሚጋ 600 እና አሚጋ 1200 ላይ የተገጠሙት ትንንሽ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን እያፈሰሱ ሰሌዳውን ይበላሉ። አሚጋ 500 ፕላስ ደግሞ በሰሌዳው ላይ የተበየደ ባትሪ አለው። ባትሪው ሲያረጅ የሚያፈሰው አልካላይን ፈሳሽ የመዳብ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጎ ያጠፋቸዋል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ባትሪው ተነቅሎ ይወጣል፤ የተጎዳው ቦታ በጥቂት አቼቶ ይታበሳል፤ አሲዱ አልካላይኑን ያረክሰዋልና። በመጨረሻም በአልኮል ይጸዳል። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ሊጠግነው ባያስብ እንኳ ባትሪውን ዛሬውኑ ቢያወጣ ይበጀዋል።

የማይተካው ቺፕ

የማስታወሻ ቺፖቹ በዘመናቸው የተለመዱ የገበያ ዕቃዎች ስለነበሩ ምትካቸው አሁንም ይገኛል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ኮሞዶር በራሱ ፋብሪካ ብቻ ያመረታቸው ቺፖች ሲሞቱ ነው። ከእነሱ መካከል እጅግ የሚፈለገው ቦብ ያኒስ የነደፉት ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ያወጣል። በውስጡ ያለው የድምፅ ማጣሪያ አናሎግ በመሆኑም ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ ሁለት ሲዶች አንዱን ሙዚቃ በትክክል እኩል አይጫወቱትም። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እያንዳንዱ ሲድ ሲቃጠል በዓለም ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ የሚጨምር የለም።

ይህ እጥረት ሁለት ነገሮችን ወልዷል። አንደኛው ማጭበርበር ነው፤ የሌላ ወይም የሞተ ቺፕ ፊቱ ተፍቆ አዲስ ጽሑፍ ታትሞበት ይሸጣል። ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከባለቤቱ ነው። የመጀመሪያው ሲድ በ12 ቮልት፣ ኋላ የመጣው በ9 ቮልት ይሠራል፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል አንዱን በሌላው ቦታ የሚሰካ ሰው ውድ ቺፕ በአንድ ብልጭታ ያጣል። በሌላ በኩል የሲድን ሥራ የሚያስመስሉ ዘመናዊ ምትኮች ተሠርተዋል፤ ፒ.ኤል.ኤውንም የሚተኩ አሉ።

በአዳሾች መካከል ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ማሽን የተሠራው እንዲሠራ ነው፤ ምትክ ይግባበትና ይጫወት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሲተኩ በመጨረሻ የሚቀረው ሣጥኑ ብቻ ነው ይላል። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚከተሉት ሕግ ለሁለቱም ይጠቅማል፦ ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አለማድረግና የተደረገውን ሁሉ መጻፍ። በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ፒ.ዲ.ፒ 1 እና አይ.ቢ.ኤም 1401 የተባሉትን ግዙፍ ማሽኖች በበጎ ፈቃደኞች አሳድሶ ለጎብኚዎች በሥራ ላይ ያሳያል። የቆመ ማሽን መልኩን እንጂ ጠባዩን አያስተምርም።

የድሮውን ማሽን አስመስለው በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች መኖራቸው “ታዲያ ጥገናው ለምን?” ያሰኛል። የድሮውን ጨዋታ ለመጫወት ብቻ ከሆነ በእርግጥ ይበቃሉ። ነገር ግን እነዚያ ፕሮግራሞች ትክክል መሆናቸው የሚረጋገጠው ከእውነተኛው ማሽን ጋር ተነጻጽረው ነው። መለኪያው ከጠፋ ልኩን የሚያርም አይኖርም። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በፖላንድ ግዳንስክ ከተማ አንድ የመኪና ጥገና ቤት የመኪና ዘንግ ሚዛን ለማስተካከል ኮሞዶር 64ን ከ25 ዓመት በላይ እየተጠቀመበት እንደሆነ ተዘግቦ ነበር።

ቢጫው ፕላስቲክና የሚደበዝዘው ዲስክ

ከውስጡ ሥራ በኋላ ዓይን ወደ ውጭ ይዞራል። የዘመኑ ኮምፒውተሮች ሽፋን ኤ.ቢ.ኤስ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ቅመም ይጨመርበት ነበር። ብርሃንና ሙቀት ዓመት ሲፈራረቅባቸው ፕላስቲኩ ቢጫ ይሆናል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ፈካ ያለ ቀለም ባለው ኮሞዶር 64 ሲ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ፕላስቲኩን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነክሮ ወይም ቀብቶ ለፀሐይ ወይም ለአልትራቫዮሌት መብራት ማጋለጥ ቀለሙን ይመልሰዋል። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር የግድ ነው። እኩል ካልዳረሰ ዝንጉርጉር ያደርጋል፤ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። ጥቂት የጠወለገ መልክ ያለው ማሽን ሳይነጣ ቢቀር ማንም አይጎዳም፤ ሥራው ለመልክ እንጂ ለጤና አይደለምና ቢዘገይ ግድ የለውም።

ሊዘገይ የማይገባው ከማሽኑ ጋር በአንድ ካርቶን የሚገኘው ነገር ነው። ካሴቶችና ፍሎፒ ዲስኮች በዚያ ቤት ያደጉ ልጆች የጻፏቸውን ፕሮግራሞች፣ ደብዳቤዎችና የቤት ሒሳቦች ይዘው ሊሆን ይችላል። ለጨዋታዎቹ ቅጂ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ለእነዚህ ግን የለም። ብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ተከፍቶ ይነበባል፤ 170 ኪሎባይት የሚይዘው የኮሞዶር ዲስክ ግን አርባ ዓመት ሳይሞላው መግነጢሱ ሊደበዝዝ፣ ሻጋታም ሊይዘው ይችላል። ሻጋታ ያለበት ዲስክ ማንበቢያው ውስጥ ከገባ ገጹ ይፋቃል፤ ፍርፋሪውም ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይጎዳል። ስለዚህ ዲስኮቹ በቅድሚያ በብርሃን ይታያሉ፤ ሻጋታ ያለባቸው ተለይተው ይጸዳሉ። የመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችልም ይዘቱን “እስቲ ምን አለበት” ብሎ ከመክፈት በፊት ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር መቅዳት ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ፣ በዩ.ኤስ.ቢ የሚገናኙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ ካሴቱን ደግሞ በድምፅ መቅጃ መስመር በኩል እንደ ማንኛውም ድምፅ መቅዳት ይቻላል።

ማሽኑ ከመገጠሙ በፊት ክዳኑ እንደተከፈተ ለጥቂት ሰዓታት ይበራል፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሲሞቅ የሚጠፋ ቺፕ የሚጋለጠው በዚህ ፈተና ነው። በመካከሉ 5 ቮልቱ በድጋሚ ይለካል። ከዚያ ይጠፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ዳግም ሲበራ 38,911 የሚለው ቁጥር ይጠበቃል። ሦስቱ ብሎኖች ከመታሰራቸው በፊት ብዙ አዳሾች በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያኖራሉ፤ የትኛው ቺፕ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው አዳፕተር እንደሚያስፈልገው የተጻፈባት። የወጣውም ቺፕ እግሮቹ እንደተቆረጡ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ከወረቀቷ ጎን ይቀመጣል።